የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድንን ስንመዝን ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮሌጅ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። በዚያ አካባቢ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲን የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን መከታተል ሲጀምሩ፣ ወደ ክርክሩ የሚገቡት ከሀገር ቤት ይዘውት በመጡት የእግር ኳስ ልማድ ነው። ልማዱ የሚናቅ አይደለም፤ በቅዱስ ጊዮርጊስና በኢትዮጵያ ቡና ፍቅር ያደገ ሰው ቡድንን መውደድ ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ይሁን እንጂ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ከሊግ እግር ኳስ በአወቃቀሩ እጅግ ስለሚለይ፣ በዚያው መለኪያ የአንድን ቡድን ዓመት መመዘንና ስለ መጪው ጊዜ መተንበይ በተደጋጋሚ ያሳስታል። እዚሁ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ደጋፊዎችም ቢሆኑ ከነዚህ ስህተቶች ነፃ አይደሉም። በአብዛኛው የሜሪላንድን የ2024–25 ቡድን ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዘንድሮውን ቡድን በአምናው ቡድን መመዘን

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ሌሎቹም ብዙውን ጊዜ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው። ሜሪላንድ በ2023–24 የውድድር ዘመን 16 ጨዋታ አሸንፎ በ17 ተሸነፈ። በዚያ ውጤት ተስፋ የቆረጠ ደጋፊ፣ በአሰልጣኝ ኬቨን ዊላርድ የሚመራው ይኸው ቡድን በሚቀጥለው ዓመት 27 ጨዋታ አሸንፎ በ9 ብቻ እንደሚሸነፍ ሊገምት አይችልም ነበር። ሊገምት ያልቻለበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ሜዳ ላይ የነበሩት ሰዎች ሌሎች ነበሩ። ከ2024–25 አምስት ቋሚ ተሰላፊዎች መካከል ጃኮቢ ጊለስፒ ከቤልሞንት፣ ሮድኒ ራይስ ከቨርጂኒያ ቴክ፣ ሴልተን ሚጌል ከሳውዝ ፍሎሪዳ ተዛውረው የመጡ ነበሩ። ዴሪክ ኩዊን ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበር። ከነባሩ ቡድን በቋሚነት የቀጠለው ጁሊያን ሪስ ብቻ ነው። አምስቱም በአማካይ ከ10 ነጥብ በላይ በማስቆጠራቸው፣ ሜሪላንድ የታወቀበትን የባሕር ሸርጣን ምግብ በማስታወስ «ክራብ ፋይቭ» የሚል ስም ወጣላቸው።

የውድድር ዘመኑ እንዳበቃ ደግሞ ሁሉም ተበተነ። ኩዊን በ2025 በተካሄደው የኤንቢኤ ምርጫ 13ኛ ሆኖ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ገባ፣ ጊለስፒ ወደ ቴነሲ፣ ራይስ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ፣ ሪስና ሚጌል የተፈቀደላቸውን የኮሌጅ ጨዋታ ዘመን ጨረሱ። ዊላርድም ወደ ቪላኖቫ ሄዶ በቦታው ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የመጣው በዝ ዊልያምስ ተተካ። ያን ቡድን በጣም ለወደድነው ሰዎች ይህ ከባድ ነበር። ሆኖም «አምና እኮ በማርቹ ሀገር አቀፍ ውድድር ከመጨረሻዎቹ 16 ቡድኖች አንዱ ነበርን» ብሎ አዲሱን ቡድን በዚያ መመዘን ፍትሐዊ አይደለም፤ ከማሊያውና ከሜዳው በቀር የቀጠለ ነገር ብዙ አልነበረምና።

ይህ የሆነው በሕጉ ለውጥ ነው። በ2018 ተጫዋቾች ለመዛወር ስማቸውን የሚያስመዘግቡበት «ትራንስፈር ፖርታል» ተከፈተ። በ2021 አንድ ጊዜ የተዛወረ ተጫዋች አንድ ዓመት ተቀምጦ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ እንዲጫወት ተፈቀደ፤ በ2024 ደግሞ የዝውውሩ ቁጥር ገደብ ተነሣ። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ ማግኘት በመቻላቸው፣ ጥሩ የተጫወተ ወጣት በየጸደዩ ሌላ ጥሪ ይመጣለታል። ስለዚህ ስለ መጪው ዓመት ከመናገር በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «እነማን ቀሩ? እነማን መጡ? ያለፈውን ዓመት የጨዋታ ደቂቃ ስንት እጅ የያዙት ሰዎች ተመለሱ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ድልና ሽንፈትን ቆጥሮ ማቆም

በሊግ እግር ኳስ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጪ ስለሚጫወት የነጥብ ሰንጠረዡ የመጨረሻ ዳኛ ነው። በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ግን ከ360 የሚበልጡ የአንደኛ ዲቪዚዮን ቡድኖች ስላሉ፣ ሁለት ቡድኖች እኩል 22 ጨዋታ አሸንፈው ፈጽሞ የማይመጣጠኑ ሊሆኑ ይችላሉ። በ2025 በማርች ወሩ ታላቅ ውድድር ከተሳተፉት 68 ቡድኖች 31ዱ የየኮንፈረንሳቸውን (ዩኒቨርሲቲዎች ተመድበው እርስ በርስ የሚጫወቱበትን ሊግ) ሻምፒዮና በማሸነፍ በቀጥታ ሲያልፉ፣ የቀሩትን 37 የመረጠው ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ደግሞ የሚያየው ብዛትን ብቻ ሳይሆን ማንን፣ የት እንዳሸነፉ ጭምር ነው።

ከ2018–19 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው «ኔት» የተባለው የደረጃ ስሌት ጨዋታዎችን በአራት ምድብ ይከፍላል። አንደኛው ምድብ በራስ ሜዳ ከ1ኛ እስከ 30ኛ ካለ ቡድን፣ በገለልተኛ ሜዳ ከ1ኛ እስከ 50ኛ፣ ከሜዳ ውጪ ከ1ኛ እስከ 75ኛ ካለ ቡድን ጋር የሚደረገውን ጨዋታ ይይዛል። በዚህ መሠረት 70ኛ ደረጃ ላይ ያለን ቡድን በሜዳው ማሸነፍ፣ 25ኛውን በራስ ሜዳ ከማሸነፍ ጋር በአንድ ምድብ ይቆጠራል። ልዩነቱ የመጣው ያለምክንያት አይደለም። ጉዞው፣ የተመልካቹ ጩኸት፣ የማያውቁት የቅርጫት ጀርባ፣ ሁሉም በእንግዳው ላይ ይጫናል። ሜሪላንድ በጃንዋሪ 2025 ኢሊኖይን በኢሊኖይ ሜዳ 91 ለ 70 ሲያሸንፍ፣ በኖቬምበር ደካማ ቡድኖችን በሰፊ ልዩነት ካሸነፈባቸው ምሽቶች ሁሉ የበለጠ ስለ ራሱ ተናገረ። በኖቬምበር የሚገኘውን የ40 ነጥብ ድል በደስታ መቀበል ተገቢ ቢሆንም፣ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን ተገቢ አይደለም።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው የትናንሽ ኮንፈረንስ ቡድኖችን መናቅ ነው። በ2006 በፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ የሚገኘው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የኮንፈረንሱን ሻምፒዮና ሳያሸንፍ በኮሚቴው ሲመረጥ ታዋቂ የቴሌቪዥን ተንታኞች ተቃወሙ። በውድድሩ ቡድኖች በየምድባቸው ከ1ኛ እስከ 16ኛ በጥንካሬ ተራ ይመደባሉ፤ 11ኛ ተብሎ የተመደበው ይህ ቡድን ሚሺጋን ስቴትን፣ ኖርዝ ካሮላይናን፣ ዊቺታ ስቴትን፣ በመጨረሻም በዋሽንግተን ከተማ በተጨማሪ ሰዓት ዩኮንን (የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን) 86 ለ 84 አሸንፎ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ።

በጠባብ ልዩነት መሸነፍን የባሕርይ ጉድለት ማድረግ

የ2024–25 ሜሪላንድ እስከ ማርች ውድድር ድረስ 8 ጊዜ ሲሸነፍ አንዱም ከ6 ነጥብ በላይ አልነበረም። ፌብሩዋሪ 26 ቀን ሚሺጋን ስቴት በኮሌጅ ፓርክ 58 ለ 55 ያሸነፈው ትሬ ሆሎማን ከመሀል ሜዳ ማዶ በወረወረው፣ ከማብቂያው ደወል ጋር በገባ ኳስ ነው። ማርች 15 ቀን ሜሪላንድ በሚጫወትበት ኮንፈረንስ፣ በቢግ ቴን ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ ሚሺጋን በመጨረሻው ቅጽበት 81 ለ 80 አሸነፈው። በዚያ ጊዜ ብዙ ደጋፊ «ይህ ቡድን መጨረስ አይችልም፤ ልብ የለውም» ብሎ ደመደመ።

መረጃው ግን ይህን አይደግፍም። ይኸው ቡድን በጃንዋሪ ኢንዲያናን በሜዳው 79 ለ 78 አሸንፎ ነበር። ከሚሺጋኑ ሽንፈት 8 ቀን በኋላም፣ ማርች 23 ቀን በሲያትል፣ ዴሪክ ኩዊን ከደወሉ ጋር ባስገባው ኳስ ኮሎራዶ ስቴትን 72 ለ 71 አሸንፎ ወደ 16ቱ ተሻገረ። በአንድ ነጥብ የተሸነፈውና በአንድ ነጥብ ያሸነፈው ቡድን አንድ ነው፤ በስምንት ቀን ውስጥ ልብ አልተተከለለትም። የመጨረሻ አምስት ሴኮንድ ውጤት በአብዛኛው ዕድል ስለሆነ፣ ስለ ቡድን ጥንካሬ የተሻለ የሚናገረው 40ው ደቂቃ በሙሉ ነው። እንዲያውም ሁልጊዜ በጠባብ ልዩነት ብቻ የሚሸነፍና በሰፊው የሚያሸንፍ ቡድን፣ ሪከርዱ ከሚያሳየው በላይ ጥሩ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። በሜሪላንድ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ በስልክ የስፖርት ውርርድ ስለተፈቀደ፣ በአንድ ነጥብ የሚያልቅ ጨዋታ ለአንዳንዱ ተመልካች የኪስ ጉዳይ ሆኗል፤ ንዴቱም ኳሱን በሳተው ልጅ ላይ ይወርዳል። እነዚህ ከእኛ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የሚቀመጡ ወጣቶች ናቸው። ውርወራውን መተቸት ይቻላል፤ ልጁን ግን መስደብ፣ ይባስ ብሎም በስልኩ መልእክት መላክ፣ ከድጋፍ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ብዙ ነጥብ ያስቆጠረውን የተሻለ አጥቂ ማድረግ፣ በአንድ ምሽትም መፍረድ

ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣሁት የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሁለቱንም ስለሚያስረዳ ነው። በአሰልጣኝ ቶኒ ቤኔት ዘመን ቨርጂኒያ ከሀገሪቱ በጣም በዝግታ ከሚጫወቱት ቡድኖች አንዱ ነበር። ኳስ የሚይዝበት ጊዜ ረጅም በመሆኑ የማጥቃት ዕድሉ ቁጥር ያንሳል፤ የሚያስቆጥረው ነጥብም ዝቅ ይላል። ከዚህ ተነሥቶ «ማጥቃት አይችሉም» የሚል ሰው ብዙ ነበር። ነገር ግን የቅርጫት ኳስ ስታቲስቲክስ ተንታኙ ኬን ፖምሮይ ባስለመደው ስሌት፣ በየ100 የማጥቃት ዕድል ምን ያህል ነጥብ እንደሚገኝ ሲታይ፣ የ2018–19 ቨርጂኒያ ከሀገሪቱ ምርጥ አጥቂዎች መካከል ነበር። በጨዋታ 85 ነጥብ የሚያስቆጥር ቡድን የሚሮጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ መጠየቅ ያለበት በእያንዳንዱ ዕድል ምን እንዳተረፈ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ይታወቃል። ማርች 16 ቀን 2018 ቨርጂኒያ 31 ጨዋታ አሸንፎ፣ ቁጥር 1 ተብሎ ተመድቦ፣ በ16ኛው ዩኤምቢሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ) 74 ለ 54 ተሸነፈ። በወንዶች ውድድር ታሪክ ቁጥር 1 በ16ኛ ሲሸነፍ የመጀመሪያው ነበር። ዲአንድሬ ሀንተር እጁ ተሰብሮ እንዳልተጫወተ ብዙዎች ዘንግተው «የቤኔት ዘዴ በማርች አይሠራም» ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት 16ኛው ጋርድነር ዌብ በመጀመሪያው አጋማሽ በ14 ነጥብ ሲመራው ያ ሁሉ ወሬ ተመልሶ መጣ፤ ቨርጂኒያ ግን 71 ለ 56 አሸነፈ። ፐርዱን በተጨማሪ ሰዓት፣ ኦበርንን ካይል ጋይ 0.6 ሴኮንድ ሲቀር ባስገባቸው ሦስት የቅጣት ውርወራዎች 63 ለ 62 ረትቶ፣ ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ቴክሳስ ቴክን 85 ለ 77 በማሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። ዘዴው ያው ነበር፤ አሰልጣኙም ያው። አንድ የጥሎ ማለፍ ምሽት የአምስት ወር ሥራን አይሰርዝም፤ የአምስት ወር ሥራም ያን ምሽት ዋስትና አይሰጠውም።

የኦክቶበርን ደረጃ ማመን፣ በጃንዋሪ መደንገጥ

ኖርዝ ካሮላይና በ2022 ለፍጻሜ ደርሶ በካንሳስ 72 ለ 69 ከተሸነፈ በኋላ ከአምስት ቋሚ ተሰላፊዎቹ አራቱ ስለተመለሱ በኦክቶበር በወጣው የጋዜጠኞች ምርጫ ቁጥር 1 ሆኖ 2022–23ን ጀመረ። በማርች ውድድር ላይ አልተሳተፈም። ውድድሩ በ1985 ወደ 64 ቡድን ከሰፋ ወዲህ እንዲህ የሆነበት ቡድን አልነበረም። በዚያው ዓመት ዩኮን 14 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ከቆየ በኋላ ከሚቀጥሉት 8 ጨዋታዎች በ6ቱ ተሸነፈ። በጃንዋሪ ተስፋ የቆረጡበት ሰዎች፣ በማርችና በኤፕሪል ስድስቱንም ጨዋታ እያንዳንዱን ቢያንስ በ13 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ ዋንጫ ሲያነሣ አዩት።

አምስቱን አይቶ ተቀያሪውን መርሳት

በኮሌጅ ሕግ አምስት ፋውል የሠራ ተጫዋች ከጨዋታው ይወጣል። «ክራብ ፋይቭ» ግሩም ነበሩ፤ ከእነሱ በኋላ የሚገባው ግን ሳስቶ ነበር። በ16ቱ ዙር በሳን ፍራንሲስኮ 87 ለ 71 ያሸነፋቸው ፍሎሪዳ፣ ኋላም ሻምፒዮን የሆነው፣ ከተቀያሪ ወንበሩ ትኩስ ኃይል እያስገባ መጫወት የሚችል ቡድን ነበር። አንድን ቡድን ሲመዝኑ ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ያሉትን ስም መጥራት ካልቻሉ ገና አላወቁትም።

አዲስ በተሰበሰበ ቡድን ላይ አስተያየት ለመስጠት የዲሴምበርን መጨረሻ መጠበቅ በቂ ይመስለኛል። እስከዚያ 12 ወይም 13 ጨዋታ ይደረጋል፤ ቢያንስ ሁለቱ ወይም ሦስቱ ከሜዳ ውጪ ወይም በገለልተኛ ሜዳ ይሆናሉ። በእነዚያ ጨዋታዎች አዲሶቹ ልጆች በመከላከል ጊዜ እርስ በርስ ይነጋገሩ እንደሆነ፣ ሪባውንድ (ስቶ የሚመለሰውን ኳስ) እንዴት እንደሚሻሙ፣ ኳስ በከንቱ ስንት ጊዜ እንደሚጠፋባቸው፣ ዋናው ተጫዋች በፋውል ሲቀመጥ ነጥቡ ወዴት እንደሚሄድ መከታተል፣ ሪከርዱ ከሚነግረን የበለጠ ስለ ፌብሩዋሪና ስለ ማርች ይነግረናል።