የምግብ ዝግጅት መምህራን ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው ስናጠና የምንሳሳታቸው ነገሮች

"በምን ርዕስ መሠልጠን ትፈልጋላችሁ?" የሚል መጠይቅ በትኖ መመለስ። ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሰው የሚጽፈው ለራሱ የሚታወቀውን ክፍተት ብቻ ነው። ጥሬ ዶሮ ቧንቧ ሥር መታጠብ አለበት ብሎ የሚያምን መምህር "የንጽሕና ሥልጠና ያስፈልገኛል" አይልም። እንዲያውም ለራሱ 5 ከ5 ይሰጣል። ውሃው ግን ጀርሙን ማጠቢያው ላይ፣ ዕቃው ላይ፣ ልብስ ላይ ይረጨዋል። ጀርሙን የሚገድለው በደንብ መብሰሉ ነው። መምህሩ ይህንኑ በየዓመቱ ለአዳዲስ ልጆች ያስተምራል፣ ልጆቹም ወደ ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ። የእኛ ሪፖርት ደግሞ "በንጽሕና በኩል ክፍተት የለም" ይላል። ይሄን ባየሁ ቁጥር እበግናለሁ።

መጠይቁን ጣሉት አልልም። ብቻውን አትመኑት። አንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ጥግ ይዛችሁ ተመልከቱ። የጥሬ ሥጋና የሰላጣ መክተፊያ ተለይቷል? የሥጋው መሀል 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረሱ ይለካል ወይስ "ቀለሙ ተለውጧል" ተብሎ ይታለፋል? የበሰለው ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል? ለሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዳልመጣችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ተቆጣጣሪ መጣ ከተባለ የምታዩት የዘወትሩን ትምህርት አይደለም።

ችግሩን ሁሉ የሥልጠና ችግር ማድረግ። አንዲት መምህርት ሙቀት መለካት አታስተምርም ተብላ ሥልጠና ተመድቦላት ነበር። ሄጄ ሳነጋግራት ጉዳዩን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ክፍሉ ውስጥ ቴርሞሜትር የለም! ዕቃውና ጊዜው ቢሟላለት መሥራት የሚችል ሰው ሥልጠና አይደለም የጎደለው።

"ስለ አለርጂ ታውቃላችሁ?" ብሎ መጠየቅ። ሁሉም "አዎ" ይላል። ይልቅ ሁኔታ ስጧቸው፦ አንድ ተማሪ ለውዝ ያለበት ምግብ ቀምሶ ከንፈሩ ቢያብጥና መተንፈስ ቢያቅተው፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ያኔ ማን እንደሚያውቅ ይለያል።

ሁሉንም በአንድ አማካይ መጨፍለቅም አለ። ከባዮሎጂ የመጣው መምህር ስለ ፕሮቲን ጥሩ አድርጎ ያስረዳል፤ ቢላ የያዙ ልጆችን መምራት ግን ያስጨንቀዋል። ከሆቴል ወጥ ቤት የመጣችው እጇ ፈጣን ነው፤ የተማሪን ሥራ እንዴት እንደምታርም ግን ማንም አላሳያትም። የሁለቱ አማካይ "መካከለኛ" ይሆንና ማንንም የማይጠቅም ሥልጠና ይወልዳል።

አስፈላጊነትን ብቻ አትጠይቁ፤ ሁሉም ነገር "በጣም አስፈላጊ" ይሆናል። የትምህርት ተመራማሪው ጋሪ ቦሪች እ.ኤ.አ. በ1980 ያቀረበው ዘዴ እዚህ ላይ ይረዳል። መምህሩ ለእያንዳንዱ ርዕስ አስፈላጊነቱንም የራሱን ችሎታም በነጥብ ይመዝናል። የሁለቱ ልዩነት በአስፈላጊነቱ ይባዛል። ከፍ ያለ ውጤት ያገኘው ርዕስ ይቀድማል። ይሄም ቢሆን መምህሩ ለራሱ የሰጠው ነጥብ ስለሆነ በዓይናችሁ ካያችሁት ጋር አስተያዩት።

ርእሰ መምህሩን ብቻ አነጋግሮ መሄድ፦ በፍጹም።

ያገኛችሁትን ደግሞ መልሳችሁ ለመምህራኑ አሳዩ። መልሳቸው የት እንደገባ ያላወቁ መምህራን ቀጣዩን መጠይቅ ለወጉ ያህል ብቻ ነው የሚሞሉት።