አሮጌ መኪና «አልነሳም» ሲል፦ ከምልክቱ ወደ ኮዱ፣ ከኮዱ ወደ ጥገናው

መኪና አልነሳ ሲል ብዙ ሰው ኮዱን (የመኪናው ኮምፒውተር የሚመዘግበውን የብልሽት ቁጥር) ያስነብብና በኮዱ ላይ ስሙ የተጠራውን ሴንሰር (ለኮምፒውተሩ ሲግናል የሚልክ ዕቃ) ገዝቶ ይቀይራል። ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ኮዱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ የጠበቀው ሲግናል ከየትኛው መስመር እንደቀረበት ነው፤ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በዚያ መስመር ላይ ሴንሰሩ ብቻ ሳይሆን ሽቦው፣ ሶኬቱና ሴንሰሩ ዙሩን የሚያነብለት ዕቃ ጭምር አሉ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ኮዱን ሳታነቡ የባትሪውን ገመድ አትንቀሉ። በአሮጌ መኪኖች ላይ ኮዱ አብሮ ይጠፋል።

ምልክት፦ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር) አያዞርም፣ ወይም እያቃሰተ ያዞራል

ለኮድ ገና ነው። ሙሉ የሆነ ባትሪ ሳይሠራ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሪኖው ሲያዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪውን ወይም የገመዶቹን ጫፍ ተጠራጠሩ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ። ቮልቴጅ ሲወርድ ኮምፒውተሩ የሌለ ችግር ሊመዘግብ ስለሚችል ይህን ሳትጨርሱ ወደ ፊት አትሂዱ።

ምልክት፦ ያዞራል፣ ቼክ ኢንጂን መብራቱ ግን ቁልፉ ኦን ላይ ሲሆን አይበራም

ከማንኛውም ኮድ በላይ የሚጠቅመው ይህ ምልክት ነው። አምፖሉ ካልተቃጠለ ኮምፒውተሩ አልነቃም ማለት ነው። ዋናውን ሪሌ (ኃይል የሚያገናኘውን ማብሪያ)፣ ፊውዙንና ከሞተሩ ጋር የታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ ፈትሹ። ኃይል እየደረሰው አሁንም ካልነቃ፣ ለሴንሰሮች የሚላከው የ5 ቮልት መስመር ሾርት ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቁልፉን እያጠፋችሁ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ንቀሉና መልሳችሁ ኦን አድርጉ፤ አንዱ ሲነቀል መብራቱ ከመጣ ጥፋተኛው እሱ ወይም የእሱ ሽቦ ነው። ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ምልክት፦ ያዞራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም

አሁን ኮድ እናንብብ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ባለ16 ፒን ሶኬት ግዴታ ስለሆነ ለእነዚህ ማንኛውም የተለመደ ስካነር ይበቃል። ከዚያ በፊት የነበሩት በመብራት ብልጭታ ይናገራሉ፤ ቋንቋቸውም እንደ አምራቹ ይለያያል። ለምሳሌ ኮድ ቁጥር 12ን ብቻ እንይ። በብዙ የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ) መኪኖች በኮድ ማንበቢያው ሶኬት ላይ «ኤ» እና «ቢ» ፒኖች ሲገናኙ 12 መምጣቱ ጤና ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ስለሆነ ዙር የለም ማለቱ ነው። በክራይስለር (ቁልፉ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ኦን፣ ኦፍ፣ ኦን፣ ኦፍ፣ ኦን ሲደረግ) 12 የሚለው ባትሪው በቅርቡ ተነቅሎ ነበር ነው። በቶዮታ ግን ኮፈን ስር ባለው ሳጥን «ቲኢ1» እና «ኢ1» ሲገናኙ 12 ከመጣ፣ ሞተሪኖው ሲያዞር የዙር ሲግናል ለኮምፒውተሩ አልደረሰም፤ ለመኪናው አለመነሳት በቂ ምክንያት ነው። ፒኖቹን ስታገናኙ ተጠንቀቁ፤ ሌላ ፒን ብትነኩ ጉዳት ይደርሳል።

ያገኛችሁትን ኮድ ጻፉ፣ ከኮምፒውተሩ ላይ ደምስሱት፣ 10 ሴኮንድ ያህል በሞተሪኖ አዙሩና እንደገና አንብቡ። ተመልሶ የመጣውን ተከተሉ፤ ሌላው የድሮ ትዝታ ነው።

የቶዮታው 12 ከተመለሰ፣ ሲግናሉ ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ በሚፈጠርባቸው ሞተሮች ላይ መጀመሪያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈቱና ሰው ሞተሪኖውን እንዲያዞር አድርጉ። ውስጥ ያለው ሮተር ካልዞረ ሴንሰሩ ንጹሕ ነው፤ ዲስትሪቢዩተሩን ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በሚያዞርበት ሞተር ላይ ታይሚንግ ቤልቱ (ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቀበቶ) ሳይበጠስ አልቀረም። ሞተሪኖውም ከወትሮው ቀለል ብሎት ሲያዞር ትሰማላችሁ። ሮተሩ ከዞረ ሶኬቱን ነቅላችሁ ፒኖቹን እዩ፤ ዘይት ገብቶባቸው ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዟቸው ይገኛል። ቀጥሎ የሴንሰሩን ኦም ለኩና ከመኪናው ማኑዋል ጋር አስተያዩ። ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ከሆነ፣ ልኬቱን ሲሞቅ ድገሙት፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ትክክል የሚያሳይ ሴንሰር ሲግል መስመሩ ሊቋረጥ ይችላል።

የቶዮታ ኮድ 14 ደግሞ ሰውን ያሳስታል። ኢግናይተሩ (የካንዴላውን እሳት የሚቆጣጠረው ዕቃ) «እሳት ሰጥቻለሁ» የሚለው መልስ ካልደረሰው ኮምፒውተሩ ኢንጀክተሮቹንም (ቤንዚን የሚረጩትን) ያቆማል። ቤንዚን የለም ብላችሁ ፓምፕ አትቀይሩ። መጀመሪያ ኮይሉ (ለእሳቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው ዕቃ) ላይ 12 ቮልት መኖሩን፣ ቀጥሎ በኢግናይተሩና በኮምፒውተሩ መካከል ያሉትን ሽቦዎች ፈትሹ።

በአዲሱ (ባለ16 ፒን) ሥርዓት ፒ0335 (P0335) የክራንክ ሴንሰር መስመር ነው፤ ክራንክ የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። ሞተሪኖው ሲያዞር ስካነሩ ላይ የሞተሩን ዙር ተመልከቱ። ዜሮ ካለ ሲግናል አልደረሰም፤ ሁለት መቶ አካባቢ ካሳየ እየደረሰ ስለሆነ ሴንሰሩን ተዉትና ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ምንም ኮድ ከሌለስ?

ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች የቤንዚን ግፊት አይለኩም፤ ፓምፑ ቢሞትም ዝም ይላሉ። ካንዴላው እሳት ካለው ግፊቱን በጌጅ ለኩ። ግፊት ከሌለ በፓምፑ ሶኬት ላይ ሞተሪኖው እያዞረ የባትሪው ቮልቴጅ መድረሱን እዩ፦ ደርሶ ካልሠራ ፓምፑን ወይም የኔጋቲቭ ሽቦውን፣ ካልደረሰ ፊውዙንና ሪሌውን ፈትሹ። እሳትም ግፊትም ካለ ካንዴላዎቹን አውጡ። በቤንዚን ርሰው ከሆነ አድርቃችሁ መልሱ፤ ደረቅ ከሆኑ የኢንጀክተሮቹን ሲግናል ፈልጉ፤ ካንዴላዎቹም የኢንጀክተሮቹ ሲግናልም ደህና ከሆኑ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለኩ።