«ስሜት ይፈጥራል» አትበሉኝ፦ የፍቅር ድራማ ትሬለር ስትተነትኑ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተማሪዎችን የትሬለር (ፊልምን የሚያስተዋውቅ አጭር ቪዲዮ) ትንተና ሳነብ አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፤ ገና ከሩቅ ስትመጣ አውቃታለሁ። «ለስላሳው ፒያኖ በተመልካቹ ላይ ስሜት ይፈጥራል።» ምን ዓይነት ስሜት? የቱ ጋ? ለምን እዚያ ቦታ ላይ? ዝም። ቀጥሎ ክሎዝ አፑ፣ ፊትን በቅርበት የሚያሳየው ምስል፣ ስሜት ይፈጥራል። ከዚያ ዝናቡ ስሜት ይፈጥራል። መሳሳሙማ ሳይፈጥር አይቀርም። ልጁ ያየውን ሁሉ አንድም ሳይቀር መዝግቧል። ግን ይኼ የንብረት ቆጠራ ነው።

የፍቅር ድራማ ትሬለር ውስጥ ፒያኖ እንዳለ ማንም ያውቃል። የሚፈለግባችሁ ፒያኖው እዚያ ምን እንደሠራ መናገር ነው። ምሳሌ ልስጥ። ጥንዶቹ ውሃ ዳር እየተሳሳቁ ይሮጣሉ። ደስ የሚል ዘፈን ይሰማል። ድንገት ምስሉ ተቆርጦ የሆስፒታል ኮሪደር ይመጣል። ዘፈኑ ግን አልተቆረጠም፤ እንደ ቅድሙ ይቀጥላል። እዚህ ላይ «ሙዚቃው ስሜት ይፈጥራል» ያለ ሰው ዋናው ነገር አምልጦታል። ጉዳዩ ምስሉ ተቀይሮ ዘፈኑ አለመቀየሩ ላይ ነው። አሁን እየሆነ የመሰለን ሳቅ በአንድ ካት፣ ማለትም በአንድ የምስል ቁርጥ፣ ትዝታ ሆነ። ከሁለቱ አንዱ ሊሞት እንደሚችል ማንም ሳይነግረን ጠረጠርን። ይህን ለመጻፍ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ነጥብ የሚያስገኘውም እሱ ነው።

ስለዚህ ረቂቃችሁን ስትጨርሱ «ስሜት» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ ሰርዙት። በምትኩ ስሙን ጥሩት፦ ስጋት፣ ናፍቆት፣ እፍረት፣ ጉጉት፣ ቅናት። ከጎኑ ሰከንዱን ጻፉ። «0:48 ላይ» የሚል ነገር አንድም ቦታ ከሌለ፣ ጸሐፊው ትሬለሩን አንዴ አይቶ በትውስታ እንደጻፈ እጠረጥራለሁ። ድምፁን አጥፍታችሁ አንዴ እዩት፤ ከዚያ ስክሪኑን ሸፍናችሁ አንዴ ስሙት። ግማሹ ሥራ እዚያ ያልቃል።

ሌላው ትልቅ ስህተት ትሬለሩን ትቶ ፊልሙን መተንተን ነው። «ገጸ ባህሪዋ በሂደት ራሷን ታገኛለች» ይሉኛል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የቱ ጋ አገኘችው? ፊልሙን አይታችሁት ከሆነ ለጊዜው እርሱት። ትሬለር የራሱ ዓላማ ያለው ማስታወቂያ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያቀናብሩትም ትሬለር መሥራት ሙያቸው የሆነ ኤዲተሮች ናቸው። ስለዚህ «ዳይሬክተሩ ይህን ሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸ ምስል) እዚህ ያስገባው...» ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ቆም በሉ። እሱ ላያስገባው ይችላል።

ማስታወቂያ ነው ስል ለማሳመር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «የስተርዴይ» የተባለው የፍቅር ኮሜዲ ትሬለር ላይ ተዋናይት አና ዴ አርማስ ትታያለች። ፊልሙ ውስጥ ግን የለችም፤ ትዕይንቷ ተቆርጦ ወጥቷል። ፊልሙን ተከራይተው ያዩ ሁለት ሰዎች ስቱዲዮውን ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጉዳዩን ያዩት የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ፣ ትሬለር የንግድ ማስታወቂያ ስለሆነ የአሳሳች ማስታወቂያ ሕግ ሊመለከተው ይችላል አሉ። ፊልምና ትሬለር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ፍርድ ቤት ድረስ የደረሰ ነገር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፦ ካቱን ማመን። ወንዱ ቀና ብሎ ያያል፤ ካት፤ ሴቷ በመስኮት በኩል ታለቅሳለች። «እያያት ነው» ትላላችሁ። ምናልባት ፊልሙ ላይ በሁለቱ ሾቶች መካከል አንድ ሰዓት አለ፤ የሚያየውም አውቶቡስ ይሆናል። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሶቪየት ፊልም ሠሪ ከመቶ ዓመት በፊት ይህንን ነው ያሳየው። ያንኑ የተዋናይ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከሴት ጋር ሲያጋጥመው፣ ተመልካቹ በየተራ ረሃብ፣ ሐዘንና ፍላጎት አነበበበት። ትሬለር የሚኖረው በዚህ ዘዴ ነው። ንግግሩም እንደዚያው። «ድጋሚ እንዳትፈልገኝ» የሚለው ድምፅ ሲመጣ አፏን እዩ። አፏ ካልታየ፣ ያ ቃል ለማን እንደተነገረ አታውቁም። ኤዲተሩም እንድታውቁ አልፈለገም።

ሙዚቃውን የፊልሙ ማጀቢያ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ትሬለሩ ሲቀናበር የፊልሙ ሙዚቃ ገና ያላለቀበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ቦታ ይመጣል። የታወቀ ዘፈን በዝግታና በአንድ ፒያኖ ተዘፍኖ ከሰማችሁ፣ ለምን ያ ዘፈን እንደተመረጠ ጠይቁ። ሰው ከዘፈኑ ጋር ይዞት የመጣው ትዝታ አብሮ ተከራይቷል።

ጽሑፎቹን አትዝለሉ። ጥቁር ላይ ነጭ ሆነው የሚመጡትን ማለቴ ነው።

ስለ ታዳሚ ስትጽፉ «ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉ ሴቶች» የምትለዋን እባካችሁ ተዉልኝ። ከየት አመጣችኋት? ማስረጃው ትሬለሩ ላይ ነው። «በብዙ ከተሸጠው ልብ ወለድ የተወሰደ» የሚል ጽሑፍ መጽሐፉን ያነበቡትን ይጠራል። ፊልሙ ፌስቲቫል ላይ መመረጡን ወይም መሸለሙን የሚያሳየው የቅጠል አክሊል ምልክት ሌላ ሰው ይጠራል። የተዋናዩ ስም ከፊልሙ ርዕስ ቀድሞ ከመጣ የሚሸጠው ተዋናዩ ነው።

ቲዎሪ ላይ ደግሞ ስም መርጨት አለ። የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪው ቶዶሮቭ ታሪክ ከሰላም ተነሥቶ፣ ተናግቶ፣ መናጋቱ ታውቆ፣ ለማስተካከል ተሞክሮ ወደ አዲስ ሰላም ይደርሳል ይላል። ተማሪዎቼ አምስቱንም ከትሬለሩ ካላወጡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። የለም እኮ! ትሬለሩ መናጋቱን አሳይቶ፣ ማስተካከያውን በጨረፍታ ነክቶ ያቆማል። አምስተኛውን ቢያሳይ ማን ቲኬት ይገዛል? ትንተናችሁ የት ላይ እንደቆመና የትኛውን ጥያቄ ክፍት እንደተወ ይንገረን።

የፊልም ቲዎሪ ምሁሯ ሎራ መልቪም እንደዚሁ ትበደላለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የሆሊውድ ካሜራ ሴትን በወንድ ዐይን እንደሚያይ ተከራክራለች። ትሬለሩ ላይ ቆንጆ ሴት ስለታየች ብቻ ስሟን መጥቀስ አይበቃም። የፍቅር ድራማ ላይ ብዙ ጊዜ ካሜራው የሚንቀራፈፈው ወንዱ ላይ ነው፤ እርጥብ ሸሚዙ፣ እጁ፣ ጀርባው። አይታ የምትወደው እሷ ናት፤ እኛም በእሷ ዐይን እናየዋለን። መልቪን እዚህ ጋ ብትሞግቷት ጽሑፋችሁ ነፍስ ይዘራል።

የትኛውን ትሬለር እንደተነተናችሁም ጻፉ። ለአንድ ፊልም አጭር ቲዘርና የተለያዩ ትሬለሮች ሊወጡ ይችላሉ፤ አንዱ ፍቅሩን፣ ሌላው በሽታውን ሊሸጥ ይችላል። አንድ ጎበዝ ልጅ ስቱዲዮው ታዳሚውን እንዴት እንደመረጠ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ። ትሬለሩን የሠራው አንድ አድናቂ ነበር፤ ከሌሎች ፊልሞች ቆራርጦ። ፊልሙ ራሱ የለም። ዩቲዩብ ላይ መግለጫው ውስጥ «ኮንሴፕት» የሚል ቃል ካያችሁ ሌላ ፈልጉ።