የወንዝ ጥበቃ ማኅበርና የውሃ አገልግሎት አንድ ተፋሰስ ላይ እንዴት አብረው ይሠራሉ?

ሐምሌ ሲገባ የእኛ ከተማ የቧንቧ ውሃ ወተት የነካው ሻይ ይመስላል። ሰው በጀሪካን ሞልቶ ያሳድረዋል፤ ጠዋት ጭቃው ታች ሲተኛ ከላይ ከላዩን ይቀዳል። ውሃ አገልግሎቱ በበኩሉ ማጣሪያ ያጥባል፣ ኬሚካል ይጨምራል፣ ሲብስበት ፓምፑን አቁሞ ፈረቃውን ያራዝማል። በዚያው ሳምንት እኛ የወንዝ ጥበቃ ማኅበር አባላት ችግኝ ተሸክመን ዳገት እንወጣለን። የምንለፋው ለአንድ ወንዝ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን "እንዴት ከረማችሁ" እንኳ ተባብለን አናውቅም ነበር።

ያለነው ደቡብ ወሎ ነው፣ ከቦርከና ገባሮች በአንዱ ዳር። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚወርድ ወንዝ ነው። አገሩ ገደላማ ስለሆነ ላይ የተነሳ አፈር ታች ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። የምነግራችሁም ለእንዲህ ያለ አገር የሚሆነውን ነው፤ ሜዳ ላይ ያላችሁ የሚስማማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ፣ በደብዳቤ አትጀምሩ። እኛ ባለ ሦስት ገጽ፣ ማኅተም ያረፈበት፣ "ተፈጥሮን መንከባከብ የሁላችንም ኃላፊነት ነው" የሚል ነገር ይዘን ሄድን። "ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል" ተባልን። እስከ ዛሬም እንደተመራ ነው። ውሃ አገልግሎት ለተፈጥሮ ፍቅር የያዘው በጀት የለም። በጀት ያለው ጭቃውን አሰባስቦ ለሚያዘቅጠው ኬሚካል ለአልሙኒየም ሰልፌት፣ ለክሎሪን፣ ለመብራት፣ ለተቃጠለ ፓምፕ ነው። የወንዙን ጉዳት በእነዚህ ስም ካልጠራችሁት አይሰሟችሁም፤ አይፈረድባቸውምም።

ስለዚህ ኃላፊውን አስፈቅዳችሁ ማጣሪያ ጣቢያ የሚያድረውን ኦፕሬተር ፈልጉት። ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ ደግ ነው። እሱ ጋ ጠርዙ የተበላ ደብተር አይጠፋም፦ በቀን ስንት ኪሎ ኬሚካል ገባ፣ ፓምፑ ስንት ሰዓት ቆመ፣ የውሃው ድፍርስነት ስንት ነበር። ድፍርስነት የሚለካው ኤንቲዩ (NTU) በሚባል መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ውሃው ደፍርሷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ክሎሪን ከመግባቱ በፊት ከ1 ኤንቲዩ በታች ቢሆን ይመርጣል፣ አቅም በሌለበት ግን ከ5 እንዳይበልጥ ይላል፤ ምክንያቱም ጭቃው ለጀርም መሸሸጊያ ይሆናል። ደብተሩን በስልክ ፎቶ አንሱና የሐምሌን ገጽ ከኅዳር ገጽ ጎን አስቀምጡት። ደብዳቤያችሁ ያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ጭቃው የሚመጣው ከየት ነው? ይኼን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለዋል። እኛም መስሎን ነበር። ራቁቱን የቀረ ተራራ ፊታችን ተገትሯል፣ ሌላ ምን ይፈለጋል ብለን ሁለት ክረምት ሙሉ እሱን በችግኝ ስንሸፍን ከረምን። በሦስተኛው ሐምሌ ውሃው ያው ሻይ። ችግኙ በከንቱ ቀረ አልልም፣ ለተራራው ጥሩ ነው፤ የቧንቧው ጭቃ ግን ከዚያ አልነበረም።

ያወቅነው በሃይላንድ ነው። አዎ፣ በባዶ የላስቲክ ጠርሙስ። ጅረቶቹ ከዋናው ወንዝ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ሁሉ ቆጠርን፤ ዘጠኝ ሆነ። ለእያንዳንዱ ቦታ በቅርብ የሚኖር አንድ ሰው መደብን። ዝናብ ጥሎ ጎርፍ ሲነሳ ሁሉም በተቀራረበ ሰዓት ከየቦታው አንድ አንድ ሊትር ይቀዳል። ጠርሙሶቹን በረንዳ ላይ ደርድሮ ሳይነኩ ማሳደር፣ ጠዋት ታች የተኛውን ጭቃ በማስመሪያ መለካት፣ በቃ። ደቃቁ አፈር በአንድ ሌሊት ላይተኛ ስለሚችል ከላይ ያለው ውሃ እስኪጠራ ሁለት ሦስት ቀን ብትጠብቁ ይሻላል። ላቦራቶሪን አይተካም። የትኛው ጅረት እንደሚብስ ግን በግልጽ ይነግራችኋል።

ቀላል ይመስላል አይደል? እኛ ሁለት ጊዜ አበላሽተነዋል። መጀመሪያ ዝናቡ ማታ ዘነበ፣ "ጠዋት እንቀዳለን" ብለን ተኛን። እንደኛ ባለ ቁልቁል አገር ጎርፉ በሰዓታት አልፎ ይሄዳል፤ ጠዋት የቀዳነው ዘጠኝ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ነበር። በሚቀጥለው በዝናቡ መሐል ወጣን፣ በሰዓቱ ቀዳን፣ የየቦታውን ስም በወረቀት ጽፈን ለጠፍን። ቀለሙ በዝናብ ታጥቦ ሄደ። በረንዳዬ ላይ ማንነታቸው የማይታወቅ ዘጠኝ ጠርሙሶች ተደርድረው ሳያቸው ሳቄም እንባዬም መጣ። ሰኔ ሳይገባ፣ ጠርሙሱ ደረቅ ሳለ፣ በማርከር ራሱ ላስቲኩ ላይ ጻፉ። ደግሞ ማንም ሰው ጎርፍ ውስጥ እንዳይገባ። ጠርሙሱን ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስራችሁ ከዳር ሆናችሁ ከሚፈሰው ቅዱ።

በሦስተኛው ተሳካ። ስምንቱ ጠርሙስ ላይ የተኛው ጭቃ አንድ ጣት አይሞላም። ዘጠነኛው አራት ጣት ሆነ! ያ ጅረት ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ቀጭን ነገር ነው። ተከትለነው ስንወጣ የገጠር መንገዱ ቱቦ ጋ ደረስን። መንገዱ ሲሠራ የዳገቱ ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ቱቦ እንዲወጣ ተደርጓል፣ ከቱቦው በታች ደግሞ ሰው ቆሞ የማይታይበት ቦረቦር ተቆፍሯል። በየዝናቡ ግድግዳው ይናዳል።

ያን ጠርሙስ ይዘን ውሃ አገልግሎት ተመለስን። ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥነው፣ ከጎኑ የደብተሩን ፎቶ። ኃላፊው ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና "ይኼ ነው የኔን አልሙኒየም ሰልፌት የሚበላው?" አለ። ከዚያ ወዲህ ስንሄድ በር ላይ ቁሙ አልተባልንም።

ቀጥሎ የላይኞቹ ሰዎች። ቦረቦሩ የሚያልፈው በእነሱ ማሳና ግጦሽ ስለሆነ ያለ እነሱ አንድ ድንጋይ አታስቀምጡም። በቀበሌ ስብሰባ ብቻ አትመኑ፤ እዚያ ሁሉም እጁን ያወጣል፣ ማታ ፍየሉ ችግኙን ይጨርሳል። በቅሬው በኩል ሂዱ። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ላይ ቅሬ ነው የምንለው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማው እሱን ነው። እኛ ስንሄድ አንድ አባት እንዲህ አሉን፦ "ልጆቼ፣ ውሃው ከደጃችን ተነስቶ እናንተ ቤት ይገባል። የኛ ሴቶች በጀርባቸው ይቀዳሉ። አሁን ደግሞ ፍየላችሁን እሰሩ ልትሉን መጣችሁ?"

መልስ አልነበረንም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ለቤት ፍጆታ ቅድሚያ ይሰጣል፣ የእሳቸው ቤትም ቤት ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ከውሃ አገልግሎቱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ለላይኛው መንደር አንድ ቦኖ፣ ማለትም የጋራ የውሃ መቅጃ ይሁን። ችግኝም ሆነ ስልጠና ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቦኖው ሲቆም አባታችን ራሳቸው ጠባቂ መርጠው ሰጡን። ግጦሹን ስትከልሉም ሳሩን ማን እንደሚያጭድ ያኔውኑ ተስማሙ። ለሰው አንድ ሸክም ሳር የማይሰጥ ክልል ዓመት አይቆይም።

የቦረቦሩ ሥራ የግብርና ባለሙያ ቢኖር ይመረጣል። ከላይ ጀምሩ፣ መጀመሪያ የሚገባውን ውሃ ቀንሱ፣ ከዚያ ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ ጎርፉን የሚያቀዘቅዝ የድንጋይ ግድብ ሥሩ። የክትሩ መሐል ከጎንና ጎኑ ዝቅ ይበል፣ ጫፎቹም ግድግዳው ውስጥ ይግቡ፤ ያለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ አዲስ ቦረቦር ይከፍትላችኋል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር ትክክል ይሁን። ጎንና ጎኑን ቬቲቨር ወይም ደሾ ሳር። ምንጭ አጠገብ ባሕር ዛፍ የሚተክል ካያችሁ ተቆጡት፣ ብዙ ውሃ ይጠጣል።

ገንዘብን በተመለከተ የሌላ አገር ወሬ ትሰማላችሁ። ኪቶ የሚባለው የኢኳዶር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ፈንድ አቋቁሞ የውሃ ድርጅቱ ከሽያጩ 2 በመቶ ለላይኛው ተፋሰስ ይሰጣል። ናይሮቢም ለላይኛው ጣና ወንዝ (የኬንያው ወንዝ እንጂ የእኛ ሐይቅ አይደለም) እ.ኤ.አ. በ2015 ተመሳሳይ ጀምራለች። ደስ ይላል፣ ግን በፈንድ አትጀምሩ፤ ገና ፊርማውን ማን ይያዝ ስትባባሉ ክረምት ያልፋል። እኛ የጠየቅነው ጋቢዮን ሽቦ (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) እና ድንጋይ የሚያመላልስ መኪና ነበር። ሲያምኑን የውሃ አገልግሎቱ ቦርድ በዓመቱ በጀት ላይ አንድ መስመር ጨመረ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁ መጋቢት ላይ ይግባ፤ ሰኔ ላይ ብትሄዱ "ለመጪው ዓመት" ነው መልሱ። የድንጋይ ሥራውን ደግሞ ከጥርና ከየካቲት የተፋሰስ ዘመቻ ጋር አያይዙት፣ ያኔ የሰው ጉልበት አለ።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይብቃው። የሰው ስም ሳይሆን የሥራ መደብ ይጻፍበት፣ ኃላፊ ይቀያየራልና። ደብተሩን በየወሩ የማየት መብት ግን እንዳይቀር፤ እኛ ረስተነው አዲስ ኃላፊ ሲመጣ አራት ወር በር ላይ ቆመናል።

ጠርሙሱ አሁንም በየክረምቱ ይቀዳል። የሚለየው፣ ማታ ዝናብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚደውለው ኦፕሬተሩ ነው፦ "ላይ ጠቁሯል፣ ሃይላንዳችሁን ይዛችሁ ውጡ።"