ለወተት ላም ቫይታሚን ዲ ሲሰጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ ግቢዎች ውስጥ ብዙ የወተት ላሞች ዓመቱን ሙሉ ከጣሪያ ሥር ታስረው ይውላሉ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ላሟን ከፀሐይ ከልክሎ ቫይታሚኑን በገንዘብ መፈለግ። ቆዳዋ የፀሐይ ጨረር ሲያገኝ ቫይታሚን ዲን ራሱ ይሠራል፤ በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባ ብርሃን ግን ለዚህ አይጠቅምም። በአገራችን ፀሐይ፣ ቦታ እያለ ላም ደጅ አለማውጣት ያሳዝናል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ድርቆሽም የተወሰነ ቫይታሚን ዲ አለው። ፍሩሽካና ፋጉሎ ግን የላቸውም ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ቫይታሚን ዲን የካልሲየም ምትክ አድርጎ ማየት ነው። ሥራው አንጀት በመኖ ውስጥ ያለውን ካልሲየም እንዲመጥ ማገዝ ነው፤ ካልሲየሙ በግርግሙ ከሌለ አንጀት ምኑን ይመጥጣል? በተለይ ፍሩሽካ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ጥቂት ስለሆነ፣ በእሱ ላይ ለምትኖር ላም ለመኖ የተዘጋጀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ያስፈልጋታል። የግንባታ ኖራ እንዳይሰጥ አደራ!

መጠኑን በእጅ መገመትም አደገኛ ነው። በ2021 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች መመሪያ ለምትታለብ ላም በኪሎ ግራም ክብደቷ 40 ዓለም አቀፍ ዩኒት (የቫይታሚን መጠን መለኪያ) በቀን ይላል። 450 ኪሎ ለምትመዝን ላም 18,000 ዩኒት መሆኑ ነው፤ ይህም ንጹሑ ቫይታሚን ሲመዘን ከግማሽ ሚሊ ግራም ያነሰ ነው። ስለዚህ ተመጥኖ የተዘጋጀውን ፕሪሚክስ (ቫይታሚኑ አስቀድሞ የተደባለቀበትን የመኖ ጭማሪ) መግዛት፣ መጀመሪያ ከጥቂት መኖ ጋር፣ ቀጥሎ ከብዙው ጋር ማደባለቅ ይሻላል። የተገዛው መኖ ቀድሞውኑ ቫይታሚን ካለበት እሱም ይቆጠር።

«ቢበዛ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። ይጎዳል። ከመጠን ያለፈው በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ካልሲየምም በኩላሊት፣ በልብና በደም ሥሮች ላይ ይጋገራል። ከመውለጃዋ በፊት የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው የቫይታሚን ዲ መርፌ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ የተዳቀለችበት ቀን ካልተመዘገበ መውለጃዋ በግምት ይሆናል፣ ቀኑ ሲያልፍም መርፌው ይደገማል። ያለ እንስሳት ሐኪም አይሞከር።

በመጨረሻም፣ ወልዳ የደሟ ካልሲየም በመውረዱ በወደቀች ላም ላይ ቫይታሚን ዲ እየሰጡ መጠበቅ ሕይወቷን ያሳጣል። ቫይታሚኑ በጉበትና በኩላሊት ተለውጦ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ጆሮዋ ቀዝቅዞ፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ከተኛች በደም ሥር በዝግታ የሚሰጥ ካልሲየም ያስፈልጋታልና ሐኪሙ በዚያው ሰዓት ይጠራ።