ውጭ አገር ሄዶ ቅርስ በበጎ ፈቃድ ለመጠገን፦ ከአራት ኪሎ እንዴት ይጀመራል?

«ውጭ ሄጄ ቅርስ ጥገና ላይ በበጎ ፈቃድ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» አራት ኪሎ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ የሚቸኩሉት ለቪዛው ነው። ቪዛው ግን የመጨረሻው ነው።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ እወቁ። «የሥራ ካምፕ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከየአገሩ የመጡ ሰዎች አብረው ያድራሉ፣ በተራ ያበስላሉ፣ በባለሙያ እየተመሩ የፈረሰ ግንብ ይጠግናሉ ወይም የጫካ መንገድ ያጸዳሉ። ነገሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ስዊዘርላንዳዊው ፒየር ሴሬሶል ጓደኞቹን ይዞ ፈረንሳይ ቨርደን አካባቢ በጦርነት የወደመ መንደር ሊጠግን ወረደ። ዛሬም ደሞዝ የለውም። ትኬቱ ከራስ ኪስ ነው፤ ለምግብና ለማደሪያ መዋጮ የሚጠይቁም አሉ።

ቀጥሎ እጃችሁን አስለምዱ። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው በዚህ ነው። ጎንደር ያለውን የፋሲል ግቢ አስቡት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠገኑት፤ ኋላ ሲሚንቶው እየተነሳ በኖራ መተካት ነበረበት። ኖራ ይተነፍሳል፤ ግንቡ ውስጥ የገባው እርጥበት በእሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል።

ስለዚህ የምታውቁት ግንበኛ ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ አብራችሁት ዋሉ። በድንጋዮቹ መሀል የላላውን አሮጌ ልውስ ጥረጉ፣ አቧራውን አጽዱ፣ ድንጋዩን በውሃ አርጥቡ፣ የኖራውን ልውስ ወደ ውስጥ ጠቅጥቁ፣ ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ፀሐይ ቶሎ ካደረቀው ይሰነጠቃል። ኖራ ቆዳ ያቃጥላልና ጓንት አትርሱ። በክረምት ደግሞ እንጦጦ ወጥታችሁ ችግኝ ትከሉ። እንዲህ የሠራ ሰው ማመልከቻው ላይ የሚጽፈው አያጣም። «ዓለምን መለወጥ እፈልጋለሁ» ከሚል ደብዳቤ «ሁለት ወር ካብ ካብኩ» የሚል ይሻላል።

ሦስተኛው ካምፕ መፈለግ ነው። ዩኔስኮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ በጎ ፈቃደኞች የሚል መርሐ ግብር አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ አሮጌ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን የሚያስጠግን ሬምፓር የሚባል ማኅበር አለ። የአውሮፓ ካምፖች በብዛት በእነሱ በጋ፣ በእኛ ክረምት ስለሆኑ ከጥር ጀምሮ ፈልጉ። ማኅበሩን ራሳችሁ አግኙት። አንድ የማውቀው ልጅ «ካምፕ አስገባሃለሁ» ላለው ደላላ ገንዘብ ከፈለ። የግብዣ ደብዳቤም መጣለት። ካምፑን ስንጠይቅ የልጁን ስም ሰምተውት አያውቁም። ያንን ገንዘብ እናቱ ናት ከእቁብ ያወጣችለት።

አሁን ወረቀቱ። ፓስፖርት ከሌላችሁ ኢሚግሬሽን ቶሎ ጀምሩ። ለሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ፈረንሳይን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች ለሚያገለግለው የጋራ ቪዛ፣ ፓስፖርቱ ከምትመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልጋል። ከካምፑ የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ መግለጫ፣ ከመሥሪያ ቤት ወይም ከትምህርት ቤት እንደምትመለሱ የሚያሳይ ወረቀት ጨምሩ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ነው፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀረው ግን ረፍዷል። ቪዛው ለበጎ ፈቃድ ነው፤ እዚያ ደርሶ ደሞዝ ያለው ሥራ መፈለግ ከኋላ የሚመጣውን ሀበሻ በር መዝጋት ነው።

ሻንጣ ውስጥ ጠንካራ ጫማ፣ የሥራ ጓንት፣ የዝናብ ልብስ ክተቱ። ግማሽ ኪሎ ሽሮም ያዙ፤ የማብሰል ተራችሁ ሲደርስ ትፈልጉታላችሁ።