ሰሌዳው ለደበዘዘበት ልጅ፦ ከመለካት እስከ መነጽር፣ ጠብታና ሌዘር

ማዮፒያ ያለበት ልጅ ቅርቡ ጠርቶ ሩቁ ይደበዝዝበታል፤ ሆኖም «አይታየኝም» ብሎ ላይናገር ይችላል፤ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለዋልና። ይልቅ ሰሌዳውን ትቶ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ይገለብጣል፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ይለጠፋል፣ መንገድ ማዶ ያለ ዘመድ ሰላም ሳይል ያልፍና ባለጌ ይባላል። ሩቅ ለማየት ዓይኑን የሚያጨነቁር ከሆነማ ጥርጣሬው ይበረታል።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ቤት ውስጥ ሁለት ነገር ይሞክሩ። ወፍራም ወረቀት በመርፌ ወግተው 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ ያብጁ። ልጁ አንድ ዓይኑን ሳይጫን በመዳፉ ሸፍኖ፣ በሌላው በቀዳዳዋ በኩል የራቀ ጽሑፍ ይመልከት። ከጠራለት ችግሩ በመነጽር የሚስተካከል ዓይነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ካልጠራለት ግን መነጽር ቤት ሳይሆን በቀጥታ የዓይን ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ሁለተኛው የማስመሪያ ሙከራ ነው፦ ደቃቅ ፊደል ያለበትን መጽሐፍ ከዓይኑ አጠገብ ይዘው ቀስ እያሉ ያርቁት፤ ፊደሉ መደብዘዝ የጀመረበትን ርቀት ይለኩና 100ን በሴንቲ ሜትሩ ያካፍሉ። ርቀቱ 50 ከሆነ የመነጽሩ ቁጥር ማይነስ 2 ገደማ ነው፣ 25 ከሆነ ማይነስ 4። ይህ ግምት እንጂ ማዘዣ አይደለም።

የሚደበዝዘው የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ስለረዘመ ነው። የአዋቂ ዓይን ርዝመት 24 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ወደ 2.5 ዲዮፕተር (የመነጽር ቁጥር መለኪያ) ማይነስ ያመጣል። የረዘመ ዓይን ተመልሶ አያጥርም። ካሮት፣ የዓይን ስፖርት፣ ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለው መነጽር፣ አንዳቸውም አያሳጥሩትም። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው፦ ዛሬ በጥራት እንዲያይ ማድረግና ዓይኑ ከዚህ በላይ እንዳይረዝም መከልከል። ተራ መነጽር የመጀመሪያውን ብቻ ይሠራል። ብዙ ቤተሰብ መነጽሩን ገዝቶ ጉዳዩን የሚዘጋው ይህን ስለማያውቅ ነው።

ምርመራው ላይ አይቸኩሉ። «በኮምፒውተር እንመረምራለን» የሚለውን ማስታወቂያ አይተው ልጅ ይዘው ከገቡ፣ ልጁ ማሽኑ ውስጥ ሲመለከት ሳያውቀው ዓይኑን ለቅርብ ያጠብቃል፤ ቁጥሩም ከእውነቱ በላይ ማይነስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ለልጅ ዓይን የሚያላላ ጠብታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይክሎፔንቶሌት 1%፣ ተደርጎ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተጠብቆ ነው መለካት ያለበት። ጠብታው እስከ ማግስቱ ድረስ ቅርብ ንባብን ያደበዝዛል፣ ብርሃንም ያስጠላዋል፤ ቆብ ይዘው ይሂዱ፣ በፈተና ዋዜማም አይውሰዱት። አዲስ አበባ ላለ ሰው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥናቸው ኦፕቶሜትሪስቶችም (ዓይን ለክተው መነጽር የሚያዝዙ ባለሙያዎች) ይህን ምርመራ ይሠራሉ።

የማዘዣውን ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። ኦዲ ቀኝ፣ ኦኤስ ግራ ዓይን ነው። ስፌር የማይነሱ መጠን ነው፤ ሲሊንደር (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሠራ ተጨማሪ ቁጥር) ካለ አክሲስ የሚባለው የማዕዘን ቁጥር አብሮት መጻፍ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ፒዲ ነው፦ ከብሌን እስከ ብሌን ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር። ሌንሱ -4.00 ሆኖ መሃሉ ከብሌኑ በ5 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ 2 ዲዮፕተር ፕሪዝም ይፈጥራል፣ ማለትም ምስሉን ከቦታው ይገፋዋል፤ ራስ የሚያሳምመው፣ «መነጽሩ አልተስማማውም» የሚያሰኘውም ይህ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ መነጽር እንዲልክ የሚያዝዙ ከሆነ ያለ ፒዲ አይዘዙ፤ ለልጅ ደግሞ ከ6 ወር በላይ የቆየ ማዘዣ አይላኩ። ሱቅ በደረቴ የሚያዞረው የንባብ መነጽር ፕላስ ነው፤ ለዚህ ልጅ ጭራሽ ያብስበታል።

«ዓይኑ እንዳይሰንፍ ቁጥሩን ቀነስ አድርጉለት» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ማሳነስ የማዮፒያውን እድገት አላዘገየውም፤ እንዲያውም አባብሶት የተገኘበት ጥናት አለ። ሙሉ ቁጥሩ ይሰጠው። ፍሬሙን ትንሽና ክብ ቢጤ ይምረጡ፦ የማይነስ ሌንስ ጠርዙ ስለሚወፍር ሰፊ ፍሬም ያከብደዋል። ለልጅ ፖሊካርቦኔት የተባለው የፕላስቲክ ሌንስ ይሻላል፣ በቀላሉ አይሰበርም። ከማይነስ 4 በላይ ከሆነ 1.60 ወይም 1.67 የሚባለው ቀጭን ሌንስ ያዋጣል፤ ከዚያ በታች ለቅጥነት ገንዘብ ማፍሰስ ትርፉ ትንሽ ነው። ሲረከቡ ልጁን ጎንበስ ያድርጉት፤ መነጽሩ ከተንሸራተተ ጆሮው ጋ ይጠበቅለት። ሲሊንደር ካለው መጀመሪያ ወለሉ ያዘመመ ሊመስለው ይችላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተወው ፒዲውና አክሲሱ እንደገና ይታዩ። በነጠላ ጫፍ በደረቁ መወልወል አቧራው ሌንሱን እንዲጭረው ያደርጋል፤ በቀዝቃዛ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይታጠብ።

እድገቱን ወደ ማዘግየቱ ስንመጣ፣ ርካሹ መድኃኒት ደጅ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ሴኦል ውስጥ በተመረመሩ የ19 ዓመት ወንዶች ላይ ከመቶው ከ96 በላይ የሚሆኑት ማዮፒያ ነበረባቸው፤ ቁጥሩ እንዲህ በአንድ ትውልድ የሚያሻቅበው በዘር ብቻ አይደለም። ቻይና ውስጥ ጓንግዡ ላይ ለተማሪዎች በየቀኑ የ40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ ሲጨመር፣ በ3 ዓመት አዲስ ማዮፒያ የያዛቸው ከመቶ 39.5 ወደ 30.4 ወርዷል። ደጅ ያለው ብርሃን ከ10,000 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበልጣል፣ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ 500 አይሞላም። በቀን 2 ሰዓት ያስወጡት፤ ቆብ አድርጎ ጥላ ሥር ቢጫወትም ይሠራል። ኮንዶሚኒየም በር ተዘግቶበት በስልክ ለሚውል ልጅ ይህ ከማንኛውም ሌንስ በፊት ይምጣ። መጽሐፉና ስልኩም ከዓይኑ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቁ።

ቁጥሩ በዓመት 0.50 ወይም ከዚያ በላይ እየጨመረ ከሆነ ደጅ ብቻውን አይበቃም። ማታ ማታ አንዳንድ ጠብታ የሚደረግ ደካማ አትሮፒን አለ፤ ሆንግ ኮንግ ላይ 0.05% የሆነው በመጀመሪያው ዓመት እድገቱን በሁለት ሦስተኛ ያህል ቀንሷል፣ 0.01% ግን በጣም ደካማ ነው። ፋርማሲ ያለው አትሮፒን 1% ከሆነ ከ0.05%ው 20 እጥፍ ይበረታል፤ ቤት ውስጥ ማቅጠን አይሞከር። በድንገት ማቆምም እድገቱን መልሶ ያፋጥነዋል። በልዩ አሠራር ጠርዛቸው እድገት እንዲገታ የተደረጉ የመነጽር ሌንሶችም አሉ፤ የሆንግ ኮንግ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሞከረው በ2 ዓመት ጭማሪውን በግማሽ አሳንሷል። አሜሪካ ላሉ ቤተሰቦች ማይሳይት የተባለው የቀን ኮንታክት ሌንስ በ2019 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል፤ የሚጀመርበት ዕድሜ ከ8 እስከ 12 ነው። የትኛውም ቢመረጥ በየ6 ወሩ ይለካ።

ኮንታክት ሌንስ ለሚያደርግ ሰው አንዱ ሕግ ውኃ አለማስነካት ነው፦ የቧንቧ ውኃ፣ ምራቅ፣ ሻወር። አካንታሜባ የተባለው ተውሳክ በውኃ ገብቶ ኮርኒያን (የዓይንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን) ያቆስላል። አድርጎ መተኛትም ክልክል ነው። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር በየቀኑ የሚጣለው ዓይነት ይመረጣል።

ሌዘር ከ18 ዓመት በፊት አይታሰብም፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ ለ1 ዓመት ቁጥሩ ከ0.50 በላይ መለወጥ የለበትም። ላሲክ የተባለው የሌዘር ዓይነት ለእያንዳንዱ ዲዮፕተር ከኮርኒያው ከ12 እስከ 15 ማይክሮን ይልጋል፤ ኮርኒያዎ 500 ማይክሮን ሆኖ ማይነስ 9 ከሆኑ የሚተርፈው ላይበቃ ይችላል፤ ያኔ ዓይን ውስጥ የሚተከለው ሌንስ ነው የሚመከረው። በልጅነቱ በዓይን አለርጂ ሲያሽ የኖረ ሰው ደግሞ ኮርኒያው ሾጥጦ ሊሆን ስለሚችል የኮርኒያ ካርታ ሳይነሳ አይፈርም። ከ40 በኋላ የንባብ መነጽር እንደማይቀርም አስቀድሞ ይወቅ።

ሌዘር ቁጥሩን እንጂ የዓይኑን ርዝመት አይነካም። ከማይነስ 6 በላይ የነበረ ሰው ከተሠራም በኋላ ሬቲናው (ከዓይን ኋላ ምስል የሚቀበለው ስስ ሽፋን) የመላቀቅ አደጋ አብሮት ይኖራል። ድንገት ብልጭታ ካየ፣ የጥቁር ነጠብጣብ ዝናብ ከወረደበት ወይም ከአንድ ጎን መጋረጃ ከተጋረደበት፣ ባያመውም በዚያው ዕለት የዓይን ሐኪም ይድረስ፤ ልዩነቱ የሬቲናው መሃል ሳይላቀቅ መድረስና አለመድረስ ነው።